የጣሪያው ውሃና የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ በየመንገዳቸው ይሂዱ

ክረምቱ ጠንክሮ በጣለ ማግስት በአዲስ አበባ መንገዶች የሚያልፍ ሰው የሚያየው የተለመደ ነገር አለ። የማንሆል ክዳን ከሥር በሚገፋው ውሃ ተነስቶ፣ ጥቁር ፍሳሽ አስፋልቱን ያለብሰዋል። እግረኛው ሱሪውን ሰብስቦ፣ አፍንጫውን ይዞ ይሻገራል። የሚያልፈው መኪና ፍሳሹን በቆሙት ላይ ይረጫል። ተማሪዎች በዚያው ረግጠው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ በዚያው ጫማ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ብዙዎቻችን ይህን «ጎርፍ» እንለዋለን። ነገር ግን ያ ውሃ ጎርፍ ብቻ አይደለም። ከየቤቱ መጸዳጃ የወጣ ፍሳሽ ነው፤ ከቱቦው ያስወጣው ደግሞ በአብዛኛው ወደዚያ መግባት ያልነበረበት የዝናብ ውሃ ነው።

ሰው ቤት ሲሠራ ወይም ሲያድስ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ አብዝቶ ይጨነቃል። የአሸንዳው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ከየትኛው መስመር እንደሚገናኝ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመጨረሻው ሰዓት፣ በቧንቧ ሠራተኛው ምርጫ ነው። ይህ ውሳኔ ግን የሕግ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። በዛሬው ዓምዳችን ለምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ሁለት ውሃ፣ ሁለት መንገድ

ከአንድ ግቢ ሁለት ዓይነት ውሃ ይወጣል። የመጀመሪያው ከመጸዳጃ ቤት፣ ከመታጠቢያና ከማዕድ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ነው። ሁለተኛው ከጣሪያ፣ ከበረንዳና ከግቢ ንጣፍ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ነው። የአዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር የተዘረጋው ሁለቱ ተለያይተው እንዲሄዱ ታስቦ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በዝግ ቱቦ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ በመንገድ ዳር በተሠራ ቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የመጀመሪያውን የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሲሆን፣ የመንገድ ዳር ቦዮቹ በአብዛኛው የሚሠሩትና የሚጠገኑት በመንገዶች ባለሥልጣን ነው።

መለያየታቸው ትርጉም አለው። የዝናብ ቦዩ ማጣሪያ የለውም፤ የገባበት ሁሉ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። የፍሳሽ ቱቦው ደግሞ ጠባብ ነው፤ የተለካው ከየቤቱ በቀን ለሚወጣው ፍሳሽ እንጂ ለክረምት ዝናብ አይደለም። ስለዚህ ስህተቱ በሁለት በኩል ሊፈጸም ይችላል። መጸዳጃ ቤቱን ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኘ ሰው ዓይነ ምድርን ያለ ማጣሪያ ወደ ወንዝ ይለቃል። አሸንዳውን ከፍሳሽ ቱቦ ጋር ያገናኘ ደግሞ ቱቦውን ከአቅሙ በላይ ሞልቶ፣ የሌላውን ሰው ፍሳሽ ወደ መንገድና ወደ ቤት እንዲመለስ ያደርጋል።

የአንድ ጣሪያ ሒሳብ

«የእኔ አንድ አሸንዳ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የጣሪያው ስፋት 100 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከዚያ ጣሪያ 3 ሺህ ሊትር ውሃ ይወርዳል። በዚያው ቤት አምስት ሰዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸውም በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ያወጣሉ እንበል። በአጠቃላይ በቀን 400 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ያ አንድ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቱቦው የሚጨምረው የቤተሰቡን ከሰባት ቀን በላይ ፍሳሽ የሚያህል ውሃ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሃያ ቤቶች እንዲህ ቢያደርጉ ማንሆሉ ለምን እንደሚፈነዳ ግልጽ ነው።

የከተማዋ አቀማመጥም ነገሩን ያብሰዋል። ከእንጦጦ ተራራ እስከ አቃቂ ድረስ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ያለው ሰው ያጠፋው ጥፋት የሚታየው በራሱ ደጅ ላይ አይደለም፤ ዝቅ ባለው ሠፈር፣ በምድር ቤት በሚኖረው ተከራይ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። ጥፋተኛውና ተጎጂው አይተዋወቁም። ችግሩ ሳይታረም ዓመታት የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጎ ተሠርቷል። ቆሻሻውን የሚያብላሉት በውስጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። ሕዋሳቱ ሥራቸውን የሚሠሩት ፍሳሹ በቂ ጊዜ ሲቆይላቸው ነው። የዝናብ ውሃ በብዛት ሲገባ ፍሳሹ ይቀጥናል፤ በፍጥነትም ይገፋል። ከዝናቡ ጋር የሚገባው አሸዋና ጭቃም ቱቦውን ይደፍናል፤ ማሽኖችንም ያበላሻል።

ከቱቦው የሚወጣው በሽታ

የአንድ የታመመ ሰው ዓይነ ምድር እጅግ ብዙ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል። በፍሳሽ የሚተላለፉት በሽታዎች በአገራችን ስማቸው የታወቀ ነው፤ ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ የአንጀት ትላትሎች። ሄፓታይተስ ኢ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶች ገዳይ ሊሆን ይችላል። የወስፋት እንቁላል ደግሞ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በክረምት ፍሳሽ የፈሰሰበት ግቢ በበጋ የደረቀ ቢመስልም፣ በዚያ አፈር ላይ የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ሊያዝ ይችላል።

የአዲስ አበባ ነዋሪ የ2008 ዓ.ም. ክረምትን አይረሳም። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም «አተት» በከተማዋ የተከሰተው በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ነበር። እንዲህ ያለው ወረርሽኝ ከዝናብ ወቅት ጋር መገጣጠሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናቡ በየሥፍራው የተከማቸውን ዓይነ ምድር ጠርጎ ወደ ምንጭ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ወንዝ ይወስዳል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም መተላለፊያ አለ፤ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር፣ ውሃው ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ቧንቧው ስንጥቅ ካለውና በአካባቢው ፍሳሽ ካቆረ፣ ባዶው ቧንቧ ፍሳሹን ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውሃው ሲመለስ በመጀመሪያ የሚወርደው ያ የተበከለ ውሃ ነው። የፍሳሽና የመጠጥ ውሃ መስመሮች ተራርቀው፣ የመጠጥ ውሃው ከፍ ብሎ ይቀበር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በወንዞቹ ዳርም ሌላ ጉዳት አለ። ከቀበናና ከባንትይቀጡ፣ ከትልቁና ከትንሹ አቃቂ የሚወርደው ውሃ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዱ ላይ በዚህ ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ይለማል። አትክልቱ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ከተማው ገበያ፣ ወደ እኛው ማዕድ ነው። ከመጸዳጃ ቤታችን በሥውር ወደ ቦይ የለቀቅነው ነገር በሰላጣ ሳህን ላይ ይመለሳል ማለት ነው።

የለንደን ትምህርት

የውሃና የፍሳሽ መነካካት ምን እንደሚያደርስ ዓለም የተማረበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሠፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከ600 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ዘመን በሽታው በመጥፎ ሽታ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ እያሰፈረ ሲመረምር፣ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ከሚገኝ አንድ የእጅ ፓምፕ ውሃ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። የፓምፑ እጀታ እንዲነሳ ተደረገ። በኋላ ጉድጓዱ ሲመረመር፣ በአቅራቢያው የነበረ የአንድ ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ግንብ ፈርሶ ወደ ውሃው ይሰርግ እንደነበር ታወቀ። የአንድ ቤት ጉድጓድ አሠራር የሠፈሩን ሕይወት ወሰነ።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ይከለክላል፤ የበከለ ሰውም እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ግንባታ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ከመደንገጉም በላይ፣ ስለ ፍሳሽና ስለ ዝናብ ውሃ አወጋገድ የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን ይዟል። በአዲስ አበባም የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ አውጥቶ፣ ፍሳሽን ወደ ወንዝ በሚለቁት ላይ ከበድ ያለ ቅጣት ማስከፈል ጀምሯል።

ጎረቤትን በተመለከተ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል፤ መጥፎ ሽታን በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ የፍሳሽ ጉድጓዱ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያልብበት ሰው «በግቢዬ ነው የቆፈርኩት» ብሎ አያመልጥም።

ሕጎችና መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ሥራ ከመጀመር በፊት በአዲስ አበባ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣንን ቅርንጫፍ፣ በሌሎች ከተሞች ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱን የግንባታ ክፍል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቤት ለሚሠሩ

መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። በአካባቢው የፍሳሽ መስመር አለ ወይ? የመስመሩ ጥልቀት ከመጸዳጃ ቤቱ ወለል ዝቅ ያለ ነው ወይ? የዝናብ ውሃው የሚሄድበት ቦይ የት ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ይመልሳል። ወለሉ ከመስመሩ ዝቅ ካለ ፍሳሹ በራሱ አይሄድም፤ ይህን ግድግዳ ካቆሙ በኋላ ማወቅ ትልቅ ኪሳራ ነው።

መስመር ካለ፣ ግንኙነቱን የሚሠራው ባለሥልጣኑ ወይም እሱ የፈቀደለት ባለሙያ ነው። ሌሊት ማንሆል ሰብሮ ቱቦ መሰካት ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ የተሰበረው አካል አፈርና ውሃ እያስገባ መስመሩን ይደፍናል። ምድር ቤት ላለው ሕንፃ ፍሳሽ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከላከል ቫልቭ ማስገጠም ይጠቅማል። ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ደግሞ ከማዕድ ቤቱ በኋላ ቅባት የሚይዝ ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል። ትኩስ ሆኖ የወረደ ዘይት በቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሞራ ይረጋልና።

መስመር ከሌለ በሴፕቲክ ታንክ መጠቀም ግድ ነው። ታንኩ ውሃ የማያሳልፍ፣ ቢያንስ ሁለት ክፍል ያለው መሆን ይኖርበታል። ዝቃጩ ከታች ይቀራል፤ ከላይ ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። ይህ ውሃ የጠራ ቢመስልም ተሕዋስያን አሉበት፤ ወደ መንገድ ቦይ አይለቀቅም። ማስረጊያው ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ሥሩም ከከርሰ ምድር ውሃው 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። እንደ ኮተቤና ቦሌ ባሉ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው ሥፍራዎች መሬቱ ውሃ ቶሎ ስለማያሰርግ፣ ጉድጓዱ ከመሠራቱ በፊት የአፈሩን የማስረግ አቅም መፈተን ያስፈልጋል።

የአሸንዳው ውሃ ደግሞ ለብቻው ይሂድ። የተወሰነውን በበርሜል ወይም በታንከር ማጠራቀም ለልብስና ለአትክልት ይጠቅማል፤ ዕቃው ግን ትንኝ እንዳይራባበት ይከደን። ግቢን በሙሉ በሲሚንቶ ከመሸፈን ጥቂት አፈርና ሣር መተው፣ የሚወጣውን ጎርፍ ይቀንሳል።

በግንባታ ሥፍራ

በግንባታ ሥፍራ ሦስት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛው የቁፋሮ አፈርና አሸዋ ነው። በመንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ በመጀመሪያው ዝናብ ቦይ ይገባል፤ ቦዩ ሲሞላ ጎርፉ ወደ ቤቶች ይዞራል። ክምሩን መሸፈንና ዙሪያውን በጆንያ መከለል ቀላል መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው ለኮንክሪት የሚጠራቀም ውሃ ነው። ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጣችው «አኖፊለስ ስቴፈንሲ» የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎችና በግንባታ ሥፍራ ጉድጓዶች ትራባለች። በኢትዮጵያ መኖሯ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር የታወቀ ሲሆን፣ በድሬዳዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛ ተጠንታለች። በቆላማ ከተሞች የሚገነባ ሰው በርሜሉንና ጉድጓዱን መክደን፣ በየሳምንቱም ባዶ አድርጎ መጥረግ አለበት።

ሦስተኛው የሠራተኞች መጸዳጃ ነው። በርካታ የቀን ሠራተኞች የሚውሉበት ሥፍራ መጸዳጃና እጅ መታጠቢያ ከሌለው፣ ዓይነ ምድሩ የሚያርፈው በአጥር ሥር ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወደ ሠፈሩ ቦይ ይወርዳል።

በነባር ቤት ለሚኖሩ

የገዛነው ወይም የወረስነው ቤት እንዴት እንደተሠራ ላናውቅ እንችላለን። ግን ምልክቶች አሉ። ዝናብ ሲጥል ብቻ መጸዳጃ ቤቱ አልወርድ ካለ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ከገፈተረ፣ ወይም ዝናብ ሳይኖር ከግቢው ወደ መንገድ ቦይ ግራጫ ውሃ ከፈሰሰ፣ መስመሮቹ ተቀላቅለዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ባለሙያ ጠርቶ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ በአሸንዳው ላይ በማፍሰስ ወዴት እንደሚወጣ ማየት ይቻላል። ጥፋቱ ከተገኘ ደግሞ ማረሙ ብዙ ጊዜ የአንድ የአሸንዳ ቱቦን አቅጣጫ የመለወጥ ሥራ ነው።

ሴፕቲክ ታንክ ያለው ሰው ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ሲይዝ ማስመጠጥ አለበት፤ እስኪሞላ መጠበቅ ማስረጊያውን ይደፍነዋል። የተሻለው ጊዜ ክረምት ከመግባቱ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። ጉድጓዱን ዝናብ ጠብቆ ወደ ቦይ መልቀቅ በአንዳንድ ሠፈሮች እንደ ብልሃት ይታያል። ብልሃት አይደለም፤ በታች ባሉት ልጆች ላይ በሽታ መላክ ነው። ዳይፐር፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ጨርቅና የምግብ ትራፊ ወደ መጸዳጃ አይጣሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያስታውሱ፤ ማንም ሰው ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ወይም ማንሆል አይግባ። በውስጡ የሚከማቸው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በትንሹ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ሊጥል ይችላል። ለማዳን ተከትሎ የገባውም በዚያው ይቀራል። አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ተከትለው አይግቡ፤ ለእሳትና አደጋ ሠራተኞች ይደውሉ። ሚቴን የተባለው ጋዝም ስለሚቀጣጠል፣ ክዳን በተከፈተበት አጠገብ ሲጋራና ክብሪት አይለኮስ።

ፍሳሽ ቤት ከገባ

ልጆችን ያርቁ። ውሃው ከሶኬት አጠገብ ከደረሰ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ። ቦት ጫማና ጓንት አድርገው መጀመሪያ ቆሻሻውን ጠርገው በሳሙና ያጥቡ፤ ከዚያ በኋላ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በጥብጠው ወለሉን ያብሱ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህልም ይተዉት። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ማጽጃ ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ፍሳሽ የነካውን ምግብ ይጣሉ። የመጠጥ ውሃን አፍልተው ወይም በውሃ ማከሚያ አክመው ይጠቀሙ።

በቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ያጠጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከልከል። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ፣ ትውከት ከበረታ፣ ዓይን ከጎደጎደ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ሕፃኑ ከደከመ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ክትባትም ሕክምናም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ሐኪሙ ጋ የሚደርሰውን ሕመምተኛ ቁጥር ከሚወስኑት መካከል የቤት ሠሪው፣ የቧንቧ ሠራተኛውና የግንባታ ተቆጣጣሪው ይገኙበታል። ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት የአሸንዳዎን ቱቦ ተከትለው ወዴት እንደሚገባ ይመልከቱ።